ጋሽ ድም የሚቀመጥበት ሳጥን

ጋሽ ድምን በደንብ አውቀዋለሁ ብዬ አልዋሽም። አንድ ጊዜ ሶፋዬን አልብሶልኛል፤ ሁለት ሦስት ሰርግ ላይ ደግሞ ከሩቅ አይቼዋለሁ። የቀረውን የነገረችኝ የእህቱ ልጅ ናት። እሷም ብትሆን «አጎቴ ነው እንጂ አውቀዋለሁ አልልም» ነው የምትለው። ስለዚህ ነገሩን እሷ ባየችው መንገድ እተርከዋለሁ፤ የጎደለ ነገር ካለ ከእኔ ነው።

እናቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው። ጋሽ ድም ያሉት ሰርግ ቤት የሚመጡ ልጆች ናቸው። ትልልቆቹ ዘፋኟን ሲያዩ ልጆቹ እሱ ፊት ይደረደሩና ሆዳቸውን ይይዛሉ። የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ሆዳቸው ውስጥ ገብቶ ሲኮረኩራቸው «ድም! ድም!» እያሉ ይንከተከታሉ። ስሙ በዚያው ቀረ። አሁን ሚስቱም ስትቆጣው ካልሆነ በቀር በሌላ ስም አትጠራውም።

የሥራ ቀን ሲሆን ሶፋ አልባሽ ነው። ጠባብ ሱቁ ውስጥ ቆዳቸው የተገፈፈ ወንበሮች እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ይተኛሉ፤ መሬቱ ላይ የስፖንጅ ቁራጭና የዛገ ሞላ ተበታትኗል። የመጣለትን ሶፋ በእጁ አይመረምርም። ሄዶ ይቀመጥበታል። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ይልና «የዚህ ሞላ ደክሟል» ወይም «ይኼስ ገና ስንት እንግዳ ያስተናግዳል» ይላል። ደንበኞቹ «የአንተስ መቀመጫ ዶክተር ነው» እያሉ ይስቁበታል።

ወደ ሙዚቃ የገባውም በወንበር ነው። ወጣት ሳለ የአንድ አዳራሽ ወንበሮችን ሊያለብስ ገብቶ፣ እዚያ የሚለማመድ ባንድ ቤዝ የሚጫወትለት ሰው አጥቶ ሲጨነቅ አገኘ። ከመካከላቸው አንዱ ቆዳ ሲወጥር አየውና «እነዚህ ጣቶች የቤዝ ክር አያቅታቸውም» አለው። እንደ ቀልድ ያዘው፤ ሳይለቀው ጸጉሩ ሸበተ። የባንዱ ሰዎች እየተለወጡ ሄደው እሱ ብቻ ከድሮዎቹ ቀረ።

ሲጫወት የሚቀመጠው ግን ወንበር ላይ አልነበረም። አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ አንድ ላይ የተሠሩበት አሮጌ ትልቅ ሳጥን ነበረው፤ ከሶፋ በተረፈ ቡናማ ቆዳ አልብሶት እሱ ላይ ይቀመጣል። የእህቱ ልጅ ትንሽ ሳለች እናቷ ሥራ ስትውል ወደ ልምምድ ይዟት ይሄድ ነበር። እሷም አጠገቡ፣ ሳጥኑ ላይ ተጠቅልላ ትተኛለች። «እኔን እሽሩሩ ብሎ ያሳደገኝ ሳጥን ነው» ትላለች እስከ ዛሬ። አሁን የባንዱ ዘፋኝ እሷ ናት። ሥራ የምትዋዋለውም፣ ማን ይምጣ ማን ይቅር የሚለውን የምትወስነውም እሷው ናት።

ነገር የተበላሸው ያ ሳጥን ሲሞት ነው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ እንደ ሽማግሌ ሁለቴ ሳል ሳል አደረገውና ዝም አለ። ጠጋኙ ከፍቶ አይቶ «አምፕሊፋየሩን ነፍስ ይማር» አለ፤ ስፒከሩ ግን ደህና ነበር። ጋሽ ድም ከሰው አምፕሊፋየር ተዋሰና ከአሮጌው ስፒከር ጋር አያያዘው። ድምፁ ሲያንስበት ሌላ ስፒከር ጨመረበት። የሁለቱም ስፒከሮች ጀርባ «4 ኦም» ይላል፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ደግሞ «ከ4 ኦም እንዳያንስ» ተብሎ ተጽፏል። ጋሽ ድም አራትና አራትን ደመረ፤ ስምንት ሆነለት፤ «እንኳን ሊያንስ እጥፍ ሆነ» ብሎ ደስ አለው። በማግስቱ የቀለበት ግብዣ ላይ እጮኛሞቹ ሊደንሱ እንደተነሱ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ነጭ ጭስ ይትጎለጎል ጀመር። እንግዶቹ ለድምቀት የተዘጋጀ መስሏቸው አጨበጨቡ።

«ጋሽ ድም ዛሬ ጋሽ ጭስ ሆነ!» አለ ድራመሩ፣ ነገር የማያሳልፍ ሰው ነውና።

ከዚያ ወዲህ በየአዳራሹ ያለውን አምፕሊፋየር ይጠቀም ጀመር። እሱ ደግሞ መድረኩ ጥግ የተገተረ ነው፤ አይቀመጡበትም። ጋሽ ድም ቆሞ ይጫወታል። ትንሽ ይቆይና ሄዶ ድምፁን ይጨምራል፤ ይመለስና እንደገና ሄዶ ይጨምራል። ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛ ላይ በራሳቸው ይሄዳሉ። አንዲት የሙሽራ እናት ሶፍት ጠቅልለው ጆሯቸው ውስጥ እንደወተፉ ፎቶ ተነሱ። ዘፋኟ በእጇ «ቀንስ» ትለዋለች፤ እሺ ብሎ ይቀንሳል፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ይጨምራል። የእሷ ድምፅ ከቤዙ ሥር ገብቶ ይቀራል።

«ግትር ሆኗል» አለ አንድ ቀን ኪቦርዲስቱ። «እኔ ቤዙን ኪቦርዱ ላይ በግራ እጄ ልያዘው። ስንቱ ባንድ እንዲህ አይደል የሚሠራው? ሐሙስ ልምምድ አለን። ሐሙስም እንዲህ ከሆነ የቅዳሜውን ሰርግ ያለ እሱ እንሥራ።»

ድራመሩ ሳይቀልድ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እሱ ሳይቀልድ ራሱን ከነቀነቀ ነገሩ የምር ነው። ለአጎቷ የመንገሩ ሥራ ለዘፋኟ ተረፈ።

ወደ ሱቁ የሄደችው እግሯን እየጎተተች ነው። ገና ከመንገድ የአጎቷ ሚስት ድምፅ ተቀበላት። ያቺ ሴት «ሻይህ ቀዘቀዘ» ለማለትም ትጮኻለች፤ የሰፈሩ ሰው «ባሏን ስትቆጣ ውላ ስትቆጣ ታድራለች» እያለ ያማታል። ጋሽ ድም የተገለበጠ ወንበር ሥር አጎንብሶ፣ አፉ ውስጥ ትንንሽ ሚስማር ይዞ ይሠራል።

«ጋሼ» አለችው። ቀና አላለም።

«ጋሼ!»

«ሰው መጥቶልሃል እኮ!» ብላ ሚስቱ ከበሩ ስትጮህ ነው ዞር ያለው።

ዘፋኟ ነገሩን ዙሪያውን እየዞረች፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ሰርጉ፣ ስለ አዳራሹ ካወራች በኋላ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብላ ነገረችው። ሐሙስ እንደ ሰሞኑ ከሆነ ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ይይዘዋል።

ጋሽ ድም ሚስማሮቹን ከአፉ አንድ በአንድ አወጣ።

«በግራ እጁ?»

«አዎ።»

«በግራ እጁ እኮ ስልክ ነው የሚይዝበት።»

«ጋሼ፣ እኔ እየቀለድኩ አይደለም። ልከላከልልህ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ቀንስ ስልህ ትጨምራለህ። ምን ልበላቸው?»

መዶሻውን አንስቶ አየው፤ መልሶ አስቀመጠው። «ሰው ሁሉ መጥቶ እዚህ የሠራሁት ላይ ይቀመጣል» አለ። «እኔ ቅዳሜ የት ልቀመጥ?»

እጁን በሱሪው ጠርጎ ተነሳ። ለስፌት መኪና ያስቀመጣት ገንዘብ ነበረችው። «ነገ አምፕሊፋየር እንገዛለን። አንቺ ትመጫለሽ፤ እሷን ይዤ ከሄድኩ ባለሱቁ ላይ ስትጮህ ያባርሩናል።»

«ሰምቼሃለሁ!» አለች ሚስቱ ከውጭ።

እሱ መዶሻውን ወደ ቦታው እየመለሰ ነበር፤ ዞር አላለም።

የሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ ባለቤት መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ የምትሸጠውንም ራሷ ትጠግናለች። «ምን ላሳይዎት ጋሼ?» አለች።

«ልቀመጥ?»

«እንዴታ!» ብላ በርጩማ ልትስብለት ጎንበስ ስትል፣ ጋሽ ድም በሩ አጠገብ ካለው ትልቅ ስፒከር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ኧረ ጋሼ፣ ይኼ እኮ በርጩማ አይደለም!»

«በርጩማ ቢሆንማ አላስፈቅድሽም ነበር። እስቲ ልነካካው።»

ባለሱቋ ዘፋኟን አየቻት። ዘፋኟ እንደ እናት አፍራ «እባክሽ ፍቀጂለት» አለች።

መጀመሪያ ለብቻው የሚሸጥ አምፕሊፋየር መረጡ፤ ሁለት እጅ የማይሞላ፣ ግን ከሞተው ሳጥን የበለጠ ጉልበት ያለው። ችግሩ ስፒከር ማዛመዱ ላይ ነበር። ጊታሩን ይዞ መጥቷልና አራት ትንንሽ ስፒከር የያዘው ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሞከረ። ወፍራሙን ክር መታ፣ ጠበቀ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ይኼ ወደ ፊት ነው የሚያወራው። ለእንግዳው ጥሩ ነው፤ ለተቀመጠበት ግን ምንም አይነግረውም።» ወደ ሌላው ተሻገረ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ቀላል፣ ባለሱቋ የምታሞግሰው ነው። «የዚህ ደግሞ ሞላው ደርቋል።»

«ስፒከር ሞላ የለውም ጋሼ።»

«ቢኖረው ይደርቅ ነበር ማለቴ ነው።»

ሦስተኛው ውስጡ አንድ ሰፊ ስፒከር ብቻ ያለው ሳጥን ነው። ጋሽ ድም ተቀመጠበት። ወፍራሙን ክር ነካው። ዓይኑን ጨፈነ። ትከሻው፣ ሰሞኑን ጆሮው ሥር የወጣው ትከሻው፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነካ። ከዚያ ማንም ሳይለምነው እጁን ወደ አምፕሊፋየሩ ዘርግቶ ድምፁን ቀነሰው።

ዘፋኟ ከኋላው ቆማ ነበርና የምታየውን አላመነችም። «ጋሼ፣ ቀነስከው እኮ!» አለች።

አልዞረም። መጫወቱን ቀጠለ።

«ጋሼ፣ ቀለሙ ግን አያስጠላም?» ጋሽ ድም ክሩን ነካ። ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ቀነስከው» አለችው።

«ይበቃላ» አለ፣ ዓይኑን ከፍቶ። «በመቀመጫዬ መጣልኝ እኮ። ካልመጣልኝ ነው የምጨምረው።»

የአጎቷ ሚስት ጩኸት ትዝ አላት። «ጋሼ» ብላ ስትጠራው ቀና አለማለቱ፣ መድረክ ላይ እጇን አይቶ እንጂ አፏን ሰምቶ ቀንሶ አለማወቁ፣ ሳጥኑ ከሞተ ወዲህ አዳራሽ ሙሉ መጮኹ። የእሷም ሆድ ድም አለ።

«እንግዲህ እቀመጥበት ዘንድ ይኼን፣ ለእንግዳው ደግሞ ያንን ባለ አራቱን አያይዥልኝ» አለ ጋሽ ድም።

ባለሱቋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ የሳጥኖቹን ጀርባ አየች። «አይሆንም። አምፕሊፋየሩ ከአራት ኦም በታች አይወድም። የሚቀመጡበት አራት ኦም ነው። ሌላ ከጨመሩበት ያቃጥልዎታል።»

«ከጨመርኩበትማ ይበዛል እንጂ እንዴት ያንሳል? አራትና አራት ስምንት አይደል?»

ባለሱቋ በእጇ አፏን ያዘች። «ጋሼ፣ ከዚህ በፊት አቃጥለው ያውቃሉ እንዴ?»

«በጭብጨባ ታጅቦ» አለች ዘፋኟ።

«ይስሙኝ እስቲ። ኦም ማለት እምቢታ ነው፤ ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እምቢ እንደሚለው ነው። ሰርግ ቤት አንድ በር ብቻ ሲከፈት ሰዉ ይጋፋል። ጎኑ ሌላ በር ቢከፍቱለት መጋፋቱ ይብሳል?»

«ይቀንሳል እንጂ።»

«በቃ። ሁለት እኩል ስፒከር ጎን ለጎን ሲያያዙ እምቢታው በግማሽ ይወርዳል። አራትና አራት እዚህ ሁለት ነው። አምፕሊፋየሩም እምቢ የሚለው ሲያጣ ይሰጣል፣ ይሰጣል፣ ሰጥቶ ሰጥቶ ይነዳል።»

«እንደ ደግ ሰው» አለ ጋሽ ድም፣ ከልቡ አዝኖ። «እኔ ነኛ የገደልኩት። ስምንትና ስምንት ሲሆንስ?»

«አራት። እሱን ይወደዋል። አራት ስፒከር ያለው ሳጥን ስምንት ኦም ነው። ከሚቀመጡበት ዓይነት ግን ባለ ስምንት ኦሙ…» አቅማማች። «አንድ አለ። ሰው ሲጠቀምበት የቆየ ነው፤ ማሳየቱም ያሳፍራል።»

ከጓዳ እየጎተተች አወጣችው። ልብሱ ተላልጧል፤ አንዱን ጥግ አይጥ በልታዋለች። የአይጥ ጥርስ አይቶ ሌላ ሰው ይሸሽ ነበር። ጋሽ ድም ግን ስፒከሩን ለማየት እንኳ ሳይጎነበስ ቁጭ አለ። ባለሱቋ ከባለ አራቱ ጋር አያይዛ አበራችው። ክሩን ነካ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ትከሻው ወረደ።

«ይኼ ነው።»

«ልብሱ ግን ጋሼ፣ እኔ ራሴ አፍራለሁ።»

«ልብሱን ለእኔ ተይልኝ» አለ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ሐሙስ ዘፋኟ ዕቃውን ለማገዝ ወደ ሱቁ ስትሄድ እሱ ውስጥ ገመድ ይጠቀልላል። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ክንዷን ይዛ ወደ ጎን ወሰደቻትና በዝግታ «ስታዋሪው ፊት ለፊቱ ሁኚለት እሺ?» አለቻት። ዘፋኟ ያቺን ሴት ቀስ ብላ ስታወራ ሰምታ አታውቅም። ድምፅዋ እንዲህ ለስላሳ መሆኑን ማን ያውቃል?

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። እሱ ሳይል እኔ አልልም» አለችና ወደ ውስጥ ዞራ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ «አንተ! ልጅቷ ቆማ ቀረች እኮ!» አለች።

ሳጥኑን ተሸክመው ሲያወጡ ዘፋኟ እጇ ሥር የምታውቀው ነገር ተሰማት። አይጥ የበላውን ልብስ ገፎ ጥሎ፣ ከሞተው ሳጥን ያወለቀውን ቡናማ ቆዳ አልብሶታል። ጥግ ላይ በልጅነቷ ጥርስ ስታወጣ የነከሰችው ቦታ ሳይቀር አለ። ልትነግረው ፈለገች፤ ግን ሸክሙ ላይ ነበሩ፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቷታል።

ልምምዱ ቤት ደርሰው ዘፋኟ መድረኩን አበላሸችው፤ ቢያንስ ኪቦርዲስቱ እንዲያ ነው ያለው። የእሱን ቦታ ወደ ግራ ገፋች፤ አጎቷን እሷንና ድራመሩን በሚያይበት በኩል አስቀመጠች።

«እኔ እዚህ ከቆምኩ ስንት ዘመኔ! ለምንድን ነው የምነሳው?»

«እኔ ስላልኩ።»

«እንዲህ ካልሽማ እሺ» አለ፤ ግን ቅር ብሎታል። ግራ እጁን ወፍራም ድምፅ ከሚሰጡት ቁልፎች በላይ ሰቅሎ ጠበቀ፤ ልክ ምግብ እስኪቀርብ እንደሚጠብቅ ሰው።

የመጀመሪያውን ዘፈን ጀመሩ። ዘፋኟ የምትዘፍነውን ረስታ የአጎቷን እጅ ነው የምታየው። እጁ ወደ አምፕሊፋየሩ አልሄደም። ሁለተኛውን ሲጀምሩ ሄደ። ማዞሪያውን ነካና በጣም ትንሽ ቀነሰው። ሦስተኛው መሐል ላይ ድራመሩ ዱላዎቹን አንስቶ «ቆይ፣ ቆይ፣ ቁሙ!» አለ።

ሁሉም ቆመ። ጋሽ ድም ሰዎቹ ሲቆሙ አይቶ ቆመ።

«ምን ሆንክ?» አለ ኪቦርዲስቱ።

«ራሴን ሰማሁታ! እኔ ይኼን ያህል ነው እንዴ የምሳሳተው? እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ዘፋኟ ማይኩ ላይ ሳቀች፤ ሳቋ ቤቱን ሞላው፣ ከቤዙ ሥር አልገባም። ጋሽ ድም ምን እንዳሳቃት ፊቷ ላይ ፈለገ። ፊት ለፊቱ ሆና ደገመችለት። እሱም ዘግይቶ፣ ግን ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ኪቦርዲስቱ የተሰቀለች ግራ እጁን ቁልቁል አያት። ኪሱ ገባና ስልኩን አውጥቶ አስያዛት። «ቅዳሜም ሥራ ፈት ናት ማለት ነው» አለ። ወደ ጋሽ ድም ጠጋ ብሎ ባለ ቡናማውን ሳጥን በጣቱ ቆረቆረ። «ይኼስ ቆንጆ ሶፋ ነው። ለእኔም አንድ ሥራልኝ።»

«የአንተ ሥራ በቁም ነው» አለው ጋሽ ድም።

ሌሎቹ ወጥተው ከሄዱ በኋላ ጋሽ ድምና ዘፋኟ ቀሩ። በመስኮቱ የከሰዓት ፀሐይ ገብቷል። ጋሽ ድም ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ጊታሩን በጨርቅ ይጠርጋል። ስትመጣ አያትና ጠጋ አለላት። ለሁለት ይጠብባል፤ ግን ተቀመጠች። እስኪያያት ጠበቀች። ከዚያ አፏን በደንብ እየከፈተች፣ ሳትጮህ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ጆሮህ የደከመው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ጋሽ ድም ጥያቄውን ከአፏ ላይ አነበበ። ጨርቁን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ያንን ገመድ አቀብዪኝ» አለ።